ሉኪሚያ ያለበት ልጅ ሲያተኩሰው ወረፋ አይጠብቅም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የዓለም የሕጻናት ካንሰር ቀን በየዓመቱ የካቲት 8 ገደማ ይታሰባል። ያን ሰሞን ጋዜጦችም ሬዲዮኖችም ስለ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ውድነት፣ ስለ አልጋ እጥረት፣ ከክፍለ ሀገር መጥተው ማደሪያ ስለሚያጡ ቤተሰቦች ያወራሉ። ሁሉም እውነት ነው፤ መወራቱም ደግ ነው። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይቀራል። የደም ካንሰር ያለባቸውን ልጆች የሚገድላቸው ካንሰሩ ብቻ አይደለም። ሕክምናው እየሠራላቸው፣ ካንሰሩ እየለቀቃቸው፣ መሃል ላይ በአንድ ሌሊት ትኩሳት የሚያልፉ አሉ። እነዚህን የሚወስዳቸው ባክቴሪያ ነው። የምጽፍላችሁ ስለዚህ ነው።

ሐኪም አይደለሁም። ሰንጋ ተራ አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር ተገኝቶባት ሕክምና ላይ ናት፤ አሁን ቤት ሆና ክኒን የምትወስድበት ደረጃ ላይ ደርሳለች፣ ትምህርት ቤትም ተመልሳለች። የማውቀውን ያወቅኩት አልጋዋ ጎን ቁጭ ብዬ፣ ሐኪሞቹን እየጠየቅኩ፣ መልሳቸውን ደብተር ላይ እየጻፍኩ ነው። ብዙ ጠያቂ ስለሆንኩ ሳይሰለቹ ያስረዱኝን ሁሉ አመሰግናለሁ።

የእነዚህ ልጆች ትኩሳት ለምን እንደ ሌላው ልጅ ትኩሳት እንዳልሆነ ሰው ሁሉ ቢያውቅ ደስ ይለኛል። ደማችን ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች አሉ። ባክቴሪያ ሲገባ ቀድመው ደርሰው የሚውጡት እነሱ ናቸው። የሚመረቱት መቅኔ ውስጥ ነው። ሉኪሚያ ደግሞ የሚይዘው ይህንኑ መቅኔ ነው። ኬሞው ሲጨመር የቀረውም ይመታል፤ ካንሰሩን ለማጥፋት ዋናው መንገድ ግን እሱ ነው። ጤነኛ ልጅ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ1,500 በላይ ኒውትሮፊል አለው። ከ500 በታች ሲወርድ ልጁ ያለ መከላከያ ቀረ ማለት ነው። በልጄ የምርመራ ወረቀት ላይ 40 ተጽፎ አይቻለሁ።

ኬሞው የአፍንና የአንጀትን ስስ ሽፋንም ያቆስላል። አፋቸው ቆስሎ ምራቅ መዋጥ ሲያቅታቸው እኛ ወላጆች እናያለን። አንጀታቸውም ውስጥ እንደዚያው ነው። ኢ ኮላይና ክሌብሲየላ የሚባሉ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ሁላችንም ሆዳችን ውስጥ ይዘናቸው በሰላም እንኖራለን። በእነዚህ ልጆች ግን በዚያ ቁስል በኩል ወደ ደም ይሻገራሉ። ይህን ስሰማ በጣም ነው የገረመኝ። ብዙውን ጊዜ ልጁን የሚያጠቃው ጀርም ከራሱ ሰውነት የተነሳ ነው። ቤቱ የቱንም ያህል ቢጸዳ፣ እናቱ የቱንም ያህል ብትጠነቀቅ ትኩሳቱ ሊመጣ ይችላል። "ምን አብልተሽው ነው?" እየተባሉ በዘመድ የሚወቀሱ እናቶች አይቻለሁ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

ሌላም አለ። መግል የሚባለው ነገር በአብዛኛው የሞተ ኒውትሮፊል ነው። ኒውትሮፊል ከሌለ መግል የለም። እብጠቱም መቅላቱም እምብዛም አይታይም። የሳንባ ምች ይዞት እንኳ መጀመሪያ ላይ ራጁ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ያለው ምልክት ትኩሳት ብቻ ነው። አንዳንዴ እሱም ይጠፋል፤ በሕክምናው የመጀመሪያ ወር ገደማ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ትኩሳቱን ያፍነዋል። ያን ጊዜ ልጁ ዝም ብሎ ይደክማል። እጅ እግሩ ይቀዘቅዛል። ሆዴን ይላል። ያ የመጀመሪያ ወር በኢንፌክሽን በኩል በጣም አደገኛው ጊዜ ነው።

ሐኪሞችም ይህን የተማሩት ከብዙ ሞት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ጄራልድ ቦዲ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የሉኪሚያ ሕመምተኞችን የደም ውጤት ከያዛቸው ኢንፌክሽን ጋር አስተያየ። ነጭ የደም ሴሉ በወረደ ቁጥር፣ ወርዶም በቆየ ቁጥር ኢንፌክሽኑ እንደሚበዛ አሳየ። በዚያ ዘመን የደም ካልቸር፣ ማለትም ደሙ ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩ የሚታይበት ምርመራ፣ ውጤት እስኪመጣ ይጠበቅ ነበር። ካልቸር ደግሞ ቀናት ይፈጃል። ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ የገባ ሰው ውጤቱ ሳይደርስ ይሞት ነበር። በ1971 ሌሎች አሜሪካውያን ሐኪሞች ውጤት መጠበቁን ትተው፣ ትኩሳት እንደታየ ሁለት አንቲባዮቲኮች አብረው መስጠታቸውንና ይህም ሕይወት ማትረፉን ጻፉ። ዛሬ የካንሰር ሕክምና ክፍሎች የሚመሩበት አሠራር ከዚያ የመጣ ነው። ደም ለካልቸር ይወሰዳል፣ ልጁ በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥም የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ በደም ሥሩ ይገባል። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ከተማችን መሃል ያ አንድ ሰዓት እንዴት እንደሚያልቅ ልንገራችሁ።

ልጄ ኬሞ ወስዳ ከተመለሰች ሳምንት አልፏት ነበር። ሌሊት እናቷ ነካቻትና ቀሰቀሰችኝ። ቴርሞሜትሩ 38.7 አለ። ወዲያው ራይድ ጠርተን ወጣን። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀብንም። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ሌሎች ወላጆች ሌላ ቦታም ያው እንደገጠማቸው ነግረውኛል። በር ላይ ተፈተሽን፣ ተጠየቅን። ድንገተኛ ክፍል ገብተን ወረፋ ያዝን። ልጄ በእግሯ ቆማለች። ቁስል የላትም፣ ደም አይፈሳትም፣ አታለቅስም። ያያት ሁሉ ደህና ናት ብሎ ያልፋል። ካርድ አውጡ ተባልን። ካርድ ክፍል ያለው ሰው ወጣ ብሎ ነበር፤ ጠበቅነው። ከካርድ ወደ ሐኪም፣ ከሐኪም ወደ ላብራቶሪ። የደም ውጤት ሳይመጣ መድኃኒት አይታዘዝም ተባለ። ውጤቱ መጣ፣ መድኃኒቱ ታዘዘ። ግቢው ውስጥ ግን የለም፤ ከውጭ ግዙ አሉን።

ማዘዣውን ይዤ በሌሊት ክፍት ፋርማሲ ፍለጋ ወጣሁ። አንዱ ዘግቷል። አንዱ ሴፍትሪያክሶን የሚባለው አንቲባዮቲክ እንጂ የታዘዘልን ሜሮፔነም የለውም። ሌላው አለው፤ ግን ኔትወርክ ስለሌለ ጥሬ ብር አምጣ አለኝ። ኤቲኤም ፍለጋ ሄድኩ። ስመለስ ሊነጋ ነበር። ልጄ ከንፈሯ ነጥቶ፣ እጇ ቀዝቅዞ አገኘኋት። ስጠራት ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ትጨፍናለች። የደም ግፊቷ ወርዶ ነበር። አንዲት ነርስ መድኃኒቱን ከእጄ ተቀብላ እየሮጠች ሄደች። ልጄ ኦክስጅን ላይ ሆና ሰነበተች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች።

በዚያ ሌሊት ክፉ ሰው አላየሁም። ጥበቃውም፣ ካርድ ክፍሉም፣ ላብራቶሪውም የታዘዙትን ነው የሠሩት። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ነው። መድኃኒቱ የመጨረሻው ጣቢያ ላይ ተቀምጧል። ለዚህች ልጅ ግን መጀመሪያ መሆን ነበረበት።

ሊሆን እንደሚችልም አይቻለሁ። ከወራት በኋላ እንደገና አተኮሳት፤ ሌላ ቦታ ወሰድናት። ከልጆች ካንሰር ክፍል ሐኪሟ የጻፈላትን ማስታወሻ ትሪያጅ ላይ፣ ማለትም ሕመምተኛ እንደገባ በሚለይበት ቦታ፣ ላለችው ነርስ ሰጠኋት። አነበበችው። ከወንበራችን አስነስታ በቀጥታ አስገባችን። አንድ ወጣት ሐኪም ካኑላ አስገባ፣ ደም ለካልቸርና ለሲቢሲ (ለደም ሴል ቆጠራ) ወሰደ፣ ከቁም ሳጥን መድኃኒት አውጥቶ እዚያው ሰጣት። "አባባ፣ ጠዋት ገዝተው ይተኩልናል፤ አሁን እሷ ጋ ይቀመጡ" አለኝ። ካርዱን ያወጣሁት ልጄ መድኃኒቱን እየወሰደች ነው። እጇ አልቀዘቀዘም። በጥቂት ቀን ውስጥ እየሮጠች ወደ ቤት ተመለሰች። አዲስ ማሽን አልተገዛም። አዲስ ሕንጻ አልተሠራም። የሥራው ተራ ብቻ ነው የተለወጠው።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህንን ነው። የጤና ሚኒስቴርም፣ የአዲስ አበባ ጤና ቢሮም፣ የየሆስፒታሉ ኃላፊዎችም ይስሙኝ። በየድንገተኛ ክፍሉ ለእነዚህ ልጆች የመጀመሪያው መድኃኒት የሚቀመጥበት አንድ ሳጥን ይኑር። የምለው ለሙሉ ሕክምናው አይደለም፤ ለመጀመሪያው ሌሊት ብቻ ነው። ቤተሰብ ጠዋት ይተካል። መተካት ለማይችለው ደግሞ የሚተካለት መንገድ ይፈለግ፤ ሜሮፔነም ለሳምንት ሲሰላ ከብዙ ቤት አቅም በላይ ነው። ጥበቃዎችና ካርድ ክፍሎችም ይነገራቸው። በመኪና የተገጨ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ካርድ አምጣ የሚለው የለም፤ ደሙ ስለሚታይ ነው። የእነዚህ ልጆች አደጋ አይታይም። ስለዚህ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ለሰፈር ክሊኒኮችም አንድ ነገር አለኝ፤ በዚህ ጉዳይ ልቤ ቆስሏል። ልጄ ተኝታ በነበረችበት ክፍል ከአዲስ አበባ ውጭ የመጣች አንዲት እናት ነበረች። ልጇ ለቀጠሮ መጥቶ ዘመድ ቤት አርፈው ሳለ ማታ አተኮሰው። ቅርብ ያለ ክሊኒክ ወሰዱት። ደሙ ታየ፤ ታይፎይድና ታይፈስ አለበት ተባለ። ትኩሳቱን ለማውረድ በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒት ተሰጠው፤ የሚዋጥ ክኒን ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ። ትኩሳቱ ለጊዜው በረደ። እናቱ ዳነልኝ ብላ ተኛች። ሆስፒታል ሲደርስ ጊዜው አልፎ ነበር። ልጁ ሞተ። እናቱ ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ያለቀሰችው አይረሳኝም።

አዲስ አበባ ውስጥ አተኩሶት ክሊኒክ ገብቶ "ታይፎይድ አለብህ" ያልተባለ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ያ ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ እንደኛ ባለ አገር አስተማማኝ እንዳልሆነ ሐኪሞቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ለሌላው ሰው ስህተቱ ገንዘብ ያስወጣው ይሆናል። ለሉኪሚያ ልጅ ግን ሌሊቱን ነው የሚበላበት። በፊንጢጣ የሚሰጥ መድኃኒትም ለእነዚህ ልጆች አይሆንም፤ ትንሽ ጭረት ለባክቴሪያ በር ይከፍታል። በጡንቻ የሚወጋ ዲክሎፌናክ የሚባለው ማስታገሻም እንዲሁ አይሆንም፤ ደም የሚያረጋው ፕላትሌታቸው ስለሚያንስ ደም ሊፈሳቸው ይችላል። ክሊኒኩ ሊሠራ የሚችለው ትልቁ ሥራ ልጁ ኬሞ ይወስድ እንደሆነ መጠየቅ፣ የሚከታተለው ሐኪም ጋ መደወል፣ በፍጥነት መላክ ነው።

ፋርማሲዎችም አሉበት። ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ መሸጥ ክልክል ነው፤ ግን ለጉንፋኑም ለጉሮሮውም አሞክሳሲሊን ስጠኝ ያለ ሁሉ ሲሰጠው በየቀኑ አያለሁ። ባክቴሪያዎቹ ይለምዱታል። አሁን ሆስፒታሎቻችን ውስጥ ሴፍትሪያክሶን የማይገድለው ክሌብሲየላ በብዛት ይገኛል። ሱዶሞናስን ደግሞ ሴፍትሪያክሶን ድሮም አይነካውም። ለዚህ ነው እነዚህ ልጆች ውዱንና የሚጠፋውን መድኃኒት የሚፈልጉት። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ እንደሞተ ተገምቷል። ከመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች ውስጥ ኒውትሮፊል የሌላቸው ልጆች አሉ። ጎረቤት ለጉንፋን የዋጠው ክኒን ከልጄ ጋር ይገናኛል፤ ይህን ለደንበኞቼም እነግራቸዋለሁ።

ስለ ጎረቤት ካነሳሁ አይቀር። የኛ ሰው የታመመ ሲጠይቅ ደስ ይላል። ልጄ ከሆስፒታል ስትመለስ ሰፈሩ ሁሉ ብርቱካንና ለስላሳ ይዞ መጣ። አገላብጦ ልሳማት ይላል። በር ላይ ሳሙናና የጄሪካን ውሃ አስቀመጥን፤ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ለእጅ መታጠቢያ ብቻ የሚሆን ጄሪካን ለይተናል። ጉንፋን የያዘው ሰው ከደጅ ሰላም እንዲል ለመንን። መጀመሪያ ቅር ያላቸው ነበሩ። ጎረቤታችን እማማ ትኩሳቷን ሲሰሙ "ምች ነው፣ ዳማከሴ ጨምቄ ላምጣላት" አሉ። ከፍቅር ነው። ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲመጣ "እጃችሁን ታጠቡ፣ አትሳሟት" የሚሉት እሳቸው ናቸው። ለበዓል ክትፎውን አብስለን፣ እርጎውን ትተን ነው የምናበላት። ጸበል ለመውሰድ ስናስብም የንስሐ አባታችንን አማከርን፤ "ትኩሳት ካለባት መጀመሪያ ሐኪም ጋ፤ ሐኪሙንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው" አሉን። ሌሎች አባቶችም እንዲህ ቢመክሩ ብዙ ልጅ ይተርፋል።

ይህን ሁሉ የምለው በሽታው ስለሚድን ነው። ሀብታም አገሮች ውስጥ በብዛት የሚታየው የልጆች ሉኪሚያ ከያዛቸው 100 ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት ይተርፋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በብዙ ድሃ አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2018 በጀመረው ዘመቻ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ቢያንስ 60 በመቶ ይዳኑ ብሏል። እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። ጥቁር አንበሳና ጳውሎስ የልጆች ካንሰር ሐኪሞች አሏቸው፤ ጅማም ጎንደርም ሕክምናው አለ። ከክፍለ ሀገር የሚመጡትን የሚያሳርፍ ተስፋ አዲስ የሚባል የወላጆች ማኅበር አለን። በሉኪሚያ ባረፈ ሕጻን ስም የተቋቋመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም ስንት ዓመት ሠርቷል። እንዲህ ተለፍቶ ኬሞውን የጨረሰ ልጅ ለአንድ ሌሊት መድኃኒት ጠፍቶ ሲሞት ለሐኪሞቹም ያማል።

ለወላጆች ደግሞ፦ ቴርሞሜትር ግዙ። በእጅ መንካት አይበቃም። በብብት ለኩ። ሳትለኩ ፓራሲታሞል አትስጡ፤ ቁጥሩን ይደብቅባችኋል። ለትራንስፖርት የሚሆን ጥሬ ብር በቦርሳ አስቀምጡ። ማታ ካተኮሰው ጠዋትን አትጠብቁ።

ከሐኪሟ ማስታወሻ ተነስቼ፣ እሱኑ አማክሬ አንዲት ትንሽ ካርድ አዘጋጅቻለሁ። ሱቄ ውስጥ እያባዛሁ ለማውቃቸው ወላጆች እሰጣለሁ። ሐኪማቸው አይቶ ይፈርምባታል፤ ማኅተም ያስመቱባታል። ጋዜጣችሁ ጥግ ላይ በሳጥን ቢያወጣት፣ አንባቢ በመቀስ ቆርጦ ለሚያውቀው ቤተሰብ ሊሰጣት ይችላል። ጽሑፏ ይህ ነው፦

"ይህ ልጅ የደም ካንሰር (ሉኪሚያ) ታካሚ ነው፤ ኬሞ ይወስዳል። ሙቀቱ 38 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ድንገተኛ ሕመምተኛ ነው። ሙቀት ባይኖረውም ከተንቀጠቀጠ፣ ከደከመ ወይም እጅ እግሩ ከቀዘቀዘ ያው ነው። ወረፋ አይጠብቅ። ደም ለካልቸርና ለሲቢሲ ይወሰድ፤ ውጤት ሳይጠበቅ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ይጀመርለት። በጡንቻ አይወጋ። በፊንጢጣ መድኃኒት አይሰጠው፤ ሙቀቱም በዚያ አይለካ። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን አይሰጠው። የማይስማማው መድኃኒት፦ ............ የሚከታተለው ሐኪም ስልክ፦ ............"

ከአክብሮት ጋር፣
የአንዲት ታካሚ አባት
ልደታ፣ አዲስ አበባ